ለግርሜ፣ ስለ ሎሚ ልጆችና ስለ እናቴ ጋቢ

ግርሜዬ፣

ከተለየኸኝ አምስት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። ሰው ሲጠይቀኝ ቆየ እላለሁ፤ ለእኔ ግን ገና ትናንት ነው። እዚያ እንዴት እንደሆንክ አልጠይቅህም። ብትመልስልኝም ግማሹን ብቻ እንደምትነግረኝ አሁን አውቄአለሁ። ጥሩዬ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትናገረኝ እንዳትል፣ እደርስበታለሁ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን ካንሳንጋ እንደተውካት ናት። አከራያችን ማንም ሳይጠይቀው የግቢውን በር ቀለም ቀባው፤ ምን አስቦ እንደሆነ እየተከታተልኩ ነው። ጎረቤታችን አበባ እስከ አርባህ ድረስ በየቀኑ ሾርባ ትልክልኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ቀጥ አለች፤ ምን ሰምታብኝ እንደሆነ አላውቅም። ጫማህ ከበሩ ሥር እንዳለ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ሌባ ወንድ ያለበት ቤት እንዲመስለው ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው፣ ማንሳት አቅቶኝ ነው።

ሎሚ ወለደች። ያቺ ከሰው ትሻላለች የምትላት ጀርመን ሸፐርድህ፣ አርባህ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ የተከራየናቸው ወንበሮች ገና ከግቢው ሳይነሱ ሰባት ወለደች። አንዱ አልተረፈም። እኔ፣ ውሻ ነክቶኝ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እገባለሁ እያልኩ ስጨቀጭቅህ የኖርኩት ሴትዮ፣ መሬት ተቀምጬ ቡችላ በፎጣ እያሸሁ እስትንፋስ ስመልስ ብታይ ሳቅህ አያቆምም ነበር። ጡት ሲጥሉ ፖሾ፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ እያገነፋሁ፣ እንደ አንተ ደረቅ ዓሣ እየፈጨሁ እየጨመርኩ አበላኋቸው። በጾሙ ሙሉ ዓሣ ዓሣ ስሸት ከረምኩ። ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስታደርግ አይቻታለሁ፤ ለጸሎት ነው ብላ ታሳብብ እንጂ።

ከዚያ ማደሪያ መፈለግ መጣ። ደጁን ሳታዪ ለማንም ቡችላ አትስጪ ብለኸኝ አልነበር? አንተ ቡችላውን ጃኬትህ ሥር ሸጉጠህ፣ ቦዳ ሞተር ላይ ተሳፍረህ፣ የሰውየውን ውሃ ማጠጫ፣ ጥላውን፣ የሰንሰለቱን ርዝመት ሳታይ አትመለስም ነበር። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ገና ከበር ነው የምመልሳቸው። አንዱ ጫማው ሲያብረቀርቅ መጣ፤ ውሻ የሚወድ ሰው ጫማ እንዲህ አይጸዳም ብዬ አሰናበትኩት። አንዷ ሴቷን ብቻ ነው የምፈልገው አለች፤ በየስድስት ወሩ ልታስወልዳት ነው። አንዱ በዋጋው ሳይከራከር እሺ አለኝ፤ ሳይከራከር እሺ የሚል ሰው ምን እንደደበቀ ማን ያውቃል? ሌላው ተከራከረኝ፤ በቡችላ የሚከራከር ምን ሊያበላው ነው? ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሊከትባቸው በመጣ ቁጥር፣ ማዳም፣ እነዚህ ልጆች ጊዜያቸው እያለፈ ነው፣ ከዚህ በላይ ከቆዩ ካንቺ ሌላ ሰው አይለምዱም ይለኛል። ለራሱ አንዱን አይቶ ነው አልኩና እሱንም ጠረጠርኩት። ስድስቱም ግቢውን ሞልተው ልብሴን ከገመድ እየጎተቱ አደጉ።

እንዲህ ባለሁበት ያንተ ስልክ ጠራ። እስካሁን ቻርጅ አደርገዋለሁ። አንዲት ሴት ናት፣ ኪሱጉ ከሚባለው ሰፈር። ከአራት ዓመት በፊት ከሚስተር ግርማ ውሻ ወስጄ ነበር፣ አሁን ለእሱ ጓደኛ ፈልጌ ነው አለች። ማረፍህንም አልሰማችም፣ እኔ ነኝ የነገርኳት።

ግርሜ፣ እንግዲህ አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰጠኋቸውን ቡችሎች አይቼ ልምጣ እያልክ የምትወጣው ነገር አንድም ቀን ተውጦልኝ አያውቅም። ትመለሳለህ፣ ሸሚዝህ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ ምሳ ሳቀርብልህ አልራበኝም ትላለህ። ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚበላበት ቤት አለ ብዬ ደምድሜ፣ ለአራት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ብጠይቅህ ደግሞ አዎ ብትለኝስ? ያቺ ሴት ስትደውል በቃ፣ ቤቱን አገኘሁት አልኩ። ለበስኩ፣ ሽቶ ተቀባሁ፣ አንዱን ቡችላ በሻሽ ጠቅልዬ ቦዳ ላይ ወጣሁ። የቦዳው ልጅ ዙሪያ ሲሄድብኝ ደግሞ ከእሱ ጋር ተጣላሁ።

ኪሱጉ ያለችው ሴት ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፣ በእድሜም ከእኔ አታንስም። ሻይ አቀረበችልኝ። እኔ ሻዩን ትቼ ፎቶህ ግድግዳዋ ላይ ይኖር እንደሆነ ነው የማየው። ሽንት ቤት አሳዪኝ ብዬ ገብቼ ስንት የጥርስ ብሩሽ እንዳላት ሁሉ ቆጠርኩ። አንድ ነው። ስወጣ ትልቁ ውሻዋ በረንዳው ላይ ተኝቶ አየሁ። ከሥሩ የተነጠፈለት ጨርቅ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ ነበር።

ያንን ጥለት ጨለማ ውስጥም ብዳስሰው አውቀዋለሁ። እናቴ ለሰርጌ ሽሮ ሜዳ ሸማኔው ዘንድ እየተመላለሰች፣ ቀለሙን ራሷ መርጣ ያሠራችልኝ ጋቢ ነው። ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር ስንመጣ ከልብሴ ቀድሜ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት እሱን ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከሻንጣው አጣሁት። በማን እንዳመካኘሁ አንተ ታውቃለህ።

ሠራተኛችን ፕሮሲ ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር ኖራለች። ሽሮ መሥራት ተምራ፣ እኔን ማዳም፣ አንተን ጋሼ እያለች፣ አንተ ስትታመም እግርህን አጥባለች። እኔ ግን ያን ቀን ቦርሳዋን ግቢው መሐል፣ ጎረቤት እያየ ዘረገፍኩት። የውስጥ ልብሷ፣ የእናቷ ፎቶ፣ አንድ ማበጠሪያ ወጣ። ጋቢው የለም። ሸጣዋለች አልኩ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ፣ ተይ ጥሩዬ ይገኛል አልከኝ። ሌላ አልተናገርክም። ልጅቱ እቃዋን ከመሬት ለቅማ፣ ቀና ብላ አንተን አይታህ ወጣች።

ኪሱጉ በረንዳ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ አልነበረም፣ እውነቱን ልንገርህ። የእናቴን ጋቢ ለውሽማው ሰጠ ነው ያልኩት። ሴትዮዋ ዓይኔን ተከትላ አየችና ሳቀች። ባለቤትሽ ነው ከቡችላው ጋር ያመጣው አለችኝ። የእናቱ ጠረን አለበት፣ አልጋው ላይ አድርጊለት፣ አያለቅስብሽም አለኝ፤ እውነትም አላለቀሰም፣ እስከዛሬም ያለሱ አይተኛም። ለሌሎቹም እንዲሁ እየቆረጠ ሰጥቷል አለች።

ያንን ቡችላ ውሃ ማጠጫዋን እንኳን ሳላይ ሰጥቻት ወጣሁ። ቡችላ የወሰዱትን በምትመዘግብበት ደብተርህ ላይ ከጻፍካቸው ቤቶች ሁለቱን ጨምሬ ሄድኩ። አንዱ ጋ ውሻው አኝኮ አኝኮ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ሌላኛዋ አሮጌ ጨርቅ መስሏት ጥላዋለች። እናቴን በየሰፈሩ አድለሃታል ግርሜ።

ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ። ሻማ እንኳን አላበራሁልህም። በመቀስ የሚቆርጥ ሰው የሚቆርጠውን አያይም? ያን ቀን በሩ ላይ ስትቆም ታውቅ ነበር? ከሳምንቱ ሁሉ ያ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ አንተን በሴት እንጂ በሌላ ጠርጥሬህ አላውቅም። የሚመልስልኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። ሠፈራችን ውስጥ ልብስ የምታጥበው የፕሮሲ ዘመድ፣ እሷ ዋንዴገያ በሚባለው ሰፈር፣ የተማሪዎቹ ማደሪያ ፊት ለፊት፣ እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ እየጠቀለለች ሮሌክስ ትሸጣለች አለችኝ። ያን ጊዜ ያ የዘይት ሽታ ትዝ አለኝ።

ፕሮሲ አልደነገጠችም። ሊጥ እየዳመጠች ቀና ብላ አየችኝና፣ ማዳም፣ ዘገየሽ አለችኝ። ጋሼ ከቤታችሁ በወጣሁ በሁለተኛው ቅዳሜ እዚህ መጥቶ ሁሉን ነግሮኛል አለች። ነገሩ የሆነው እኔ ቤተ ክርስቲያን፣ እሷ እናቷ ዘንድ የሄድንበት እሑድ ነው አሉ። ዝናቡ ሲወርድ ሎሚ ምጥ ይዟት፣ ቡችሎቹ እየቀዘቀዙ፣ አንተ ሻንጣውን ከፍተህ እጅህ የገባውን ወፍራም ጨርቅ አንስተሃል። ጥለቱን ስታይ በደም ተነክሯል። አጠብከው፣ አልለቀቀም። ቆራርጠህ ከቡችሎቹ ጋር ከቤት አወጣኸው። የእናታቸው ጠረን ምናምን ያልከው ለካ ማስረጃ ማጥፋት ነው! ልጆቹ ሳያለቅሱ ሲያድሩ ግን ወግ አደረግከውና ከዚያ ወዲያ በአሮጌ ፎጣ ቀጠልክበት። አይ አንተ!

ተመለሺ ብለህ ለምነሃታል። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችህ፣ ለማዳም ንገራት። እሺ አልክ፣ በሚቀጥለው ሳምንት። በየቅዳሜው እየመጣህ፣ ሮሌክስ እየበላህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እያልክ አራት ዓመት አለፈ። ፈርቶሽ እኮ ነው ማዳም አለችኝ። ስትስቅ ክፋት አልነበረባትም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆኖብኝ፣ የቻፓቲው መጥበሻ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ይቅርታም ጠየቅኳት። እሷ ለተማሪዎቹ እንቁላል መምታቷን ቀጠለች።

ፈራኸኝ ግርሜ። አንበሳ የሚያህል ውሻ አፍ ውስጥ እጅህን የምትከት ሰውዬ ጥሩወርቅን ፈራህ። ጋቢው በደም ተበላሸብሽ ብትለኝ እጮህ ነበር፣ አውቃለሁ፣ ሳምንት አላናግርህም ነበር። ከዚያስ? ያልፍ ነበር። አንተ ግን እኔን ከመስማት ልጅቱ ሌባ ተብላ እንድትወጣ መረጥክ፤ እኔም እንዲህ የምትፈራ ሴት ሆኜ ኖርኩ። ሁለታችንም በአንዲት ልጅ ላይ ነው የተሳሳትነው።

ከዚያ በኋላ አራቱን ቡችሎች ለመጡ ሰዎች ሰጠሁ። አሁንም ደጃቸውን አያለሁ፣ ጫማቸውን ማየት ግን ትቻለሁ። የቀረችው ትንሿ፣ ጆሮዋ ገና ያልቆመው፣ ለራሴ ያስቀረኋት ነበረች። ያንተን ጋቢ ቆረጥኩ፣ አዎ ያንተን፣ ሎሚ ሦስት ቀን ተኛችበት፤ ትናንት እሱንና ትንሿን ይዤ ዋንዴገያ ሄድኩ። ፕሮሲ የምትተኛበት ክፍል በር ሁለቴ እንደተሰበረ ዘመዷ ነግራኛለች፤ ውሻ ትጠብቃት ብዬ ነው።

ቡችላዋን ስታይ ፊቷ በራ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ልትቀበለኝ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ኔዳ፣ አይሆንም ማዳም አለች። ከእናንተ ቤት ምንም ነገር ይዤ አልወጣም። ነገ አንድ ሰው ይህቺን ውሻ ከየት አመጣሻት ቢለኝስ? ጻፊልኝ።

ከአንድ ተማሪ ደብተር ወረቀት ተቀደደልኝ። እኔ ጥሩወርቅ ይህችን ውሻ በገዛ ፈቃዴ ለፕሮሲ ሰጥቻለሁ፣ አልሰረቀችኝም ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሮሌክስ የሚጠብቁ ሁለት ተማሪዎች ምስክር ሆነው ፈረሙ። ወረቀቱን ተቀብላ ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ፊርማዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ጀርባውን ገልብጣ አየች። እኔ ቡችላ ሊወስድ የመጣን ሰው የማየው እንዲህ ነበር። ከዚያ መለሰችልኝና ክንዴ ላይ ያለውን ቁራጭ በአገጯ አሳየችኝ። ጨርቁንም ጨምሪበት አለች።

ጨመርኩበት።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሰው ተሰብስቦ፣ ግርማ እኮ ውሸት የማያውቅ ነበር ይላል። ያን ቀን ተነስቼ ስለ ጋቢው እናገራለሁ፣ ስለ ፕሮሲ ቦርሳም፣ ማን እንደዘረገፈውም። ደግነትህን ለብቻው አንስቼ፣ ያስለቀስካትን ልጅ ትቼ አላስታውስህም። አንድም ሳላጎድል፣ የምወድህን ሰውዬ ሙሉውን እስክከተልህ ድረስ አስታውስሃለሁ።

ያንተው፣
ጥሩዬ