ሁለት ቁጥር ያላት ቢራቢሮ

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ
ከሱቃችን

ለፌንጣ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእናትሽስ ጉልበት ተሻላቸው? በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል፤ እኔ ግን ከደህንነት በቀር ሁሉም አለኝ። ይህን የምጽፍልሽ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ባንቺ በኩል ቆሜ ነው። ወንበሩን ሦስት ጊዜ ሳብኩት፣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ቁጭ ስል እግሬ የስፌት መኪናውን መርገጫ ፈልጎ ባዶውን ያስኬደዋል። ብድግ ስል ደግሞ እጄ መቀስ ያነሳል። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ገጽ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ይህንንም ከቀደድኩት ወረቀት የለኝም።

ለምን አትደውልም እንዳትዪኝ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ ስልኩን ለልጅሽ አቀብዬ ደጃፍ የምወጣው ጠልቼሽ አይደለም። ስልክ ላይ ድምፄ ይቀድመኛል። ታውቂዋለሽ።

ስትሄጂ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽኝንም አልረሳሁም። «ወረቀቱን እየው። አይተህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በነገርከኝ ቀን እመለሳለሁ» አልሽና የጠበቃውን ኮት የቆረጥሽበትን የቅድ ወረቀት ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቅለሽ ወጣሽ። እኔም «አላየውም» አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ ቃሌን ጠበቅኩ፤ በበጎ ነገር እንዲህ ጽኑ ብሆን ኖሮ የት በደረስኩ። ወንድምሽ ሁለት ጊዜ ለማስታረቅ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሸኘሁት። በሩን ስከፍትና ስዘጋ ወረቀቱ ከጀርባው ይንኮሻኮሻል፤ እኔም የመኪናውን ድምፅ እጨምርበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ልጅሽ ልንገርሽ። የፊት ጥርሷ ወልቋል። «ስ» ስትል ታፏጫለች፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ስ» ያለበትን ቃል ብቻ ትመርጣለች። ፌንጣ ብለን የጠራናትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬም ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ በር እንደዘለለች ነው። ምሳዋን ትበላለች። ፀጉሯን የምትሠራላት ጎረቤታችን ጫማ ሻጯ ናት፤ እኔ ሞክሬ ነበር፣ ልጅሽ ግን መስታወት አይታ «አባዬ፣ አንተ ልብስ ስፋ» አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አስተማሪዋ ወላጆችን ሰበሰበች። ለወላጆች ቀን የክፍሉን ኮርኒስ ከወረቀት በተሠሩ ነፍሳት ልንሞላው ነው፣ ልጆቹ ይሠራሉ፣ መቀስ የለመደ ሰው ግን ያስፈልገናል አለች። ልጅሽ እጇን አውጥታ «አባቴ አራት መቀስ አለው» አለች። በዚያው አለቀ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ፣ ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ በዚያች የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ልጆች ጋር ንብ ስሠራ ዋልኩ።

ብታዪኝ ትስቂ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን የቆረጥኳቸውን ክንፎች ሁሉ በዙሪያቸው አንድ ጣት ትርፍ ተውኩላቸው። አስተማሪዋ ክንፉን አገላብጣ አይታ፣ ይህ ትርፍ ለምንድን ነው አለችኝ። ለስፌት ነው አልኩ። ቢራቢሮዋን የሚሰፋት ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ነው ራሴን የሰማሁት። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባባ ትርፉ» ይሉኛል። ስወጣ ስገባ በመስኮት ይጠሩኛል።

እጥፍ ማስተማሩ ግን ተሳክቶልኛል። ወረቀቱን እጠፉት፣ ግማሽ ቢራቢሮ ቁረጡ፣ ግለጡት፤ ሁለቱ ክንፎች እኩል ይመጣሉ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ በእጥፉ በኩል ቆርጣ ሁለት ግማሽ ቢራቢሮ ይዛ ስታለቅስ፣ እኔም ሙያውን ስማር የአንድ ኮት ጀርባ እንዲሁ ለሁለት ከፍዬ ተደብድቤያለሁ አልኳት። እንባዋን ጠርጋ፣ ኮቱ የማን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ለማላውቃት ሕፃን ጥፋቴን እንዲህ በቀላሉ መናገሬ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ገረመኝ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አሰብኩ።

አንድ ደንበኛ መጥቶ ነበር፤ ዚፕ ነው። ተመልሻለሁ።

ችግሩ ወረቀቱ ነበር። ባለ ቀለሙ ወረቀት ስስ ነው፤ ክር ታስሮ ሲሰቀል ክንፉ እንደረጠበ ጨርቅ ይወርዳል። አስተማሪዋ ጠንከር ያለ ወረቀት ከየቤታችሁ አምጡ ብላ አዘዘች። ያን ጠዋት የሠራተኞች ቱታ ይዤ ሥራ ውጦኝ ነበር። ፌንጣ አጠገቤ እየዘለለች «ጠንካራ ወረቀት፣ ጠንካራ ወረቀት» ስትል ቀና ሳልል «ሱቅ ውስጥ ያገኘሽውን ውሰጂ» አልኳት። መቼም ቁመቷን ታውቂዋለሽ። እጇ የሚደርሰው የት እንደሆነም ታውቂያለሽ።

በሩ መንኮሻኮሹን እንዳቆመ እንኳ ልብ አላልኩም።

ትናንት ልንሰቅል ሄድን። እኔ መሰላል ላይ፣ ልጆቹ ከታች ሆነው እያቀበሉኝ። ጥንዚዛው፣ ንቧ፣ ስድስት ጉንዳን በአንድ ክር። አንዱ ልጅ ሸረሪት ሠርቶ መጣና እግሩ ስምንት ስለሆነ ከነፍሳት አይቆጠርም ተብሎ ሲከለከል፣ ሁለቱን እግር ቆርጦ አሁንስ አለ። ሰቀልነው። ከዚያ ፌንጣ የራሷን አቀበለችኝ፣ ክንፏ እንደ መዳፌ የሰፋ ቡናማ ቢራቢሮ። ቦታው መስኮቱ ጋ ነበር። ክሩን አስሬ ስለቅቃት ዞር አለች፤ ፀሐዩ ከኋላዋ ገባ።

በግራ ክንፏ ላይ በእኔ ጽሕፈት 46 ይላል። በቀኙ ባንቺ ጽሕፈት 44።

የሁለታችንን ደንብ ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም፤ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ሜትራችንን ፌንጣ ጥርስ ስታወጣ ጫፉን አኝካ ጨርሳው ቆርጠን ጣልነው፣ ከሁለት ነው የሚጀምር። አዲስ መግዛት ሲገባን ለመድነው። እኔ ሜትሩ ያለውን እንዳለ ወረቀቱ ጥግ ላይ እጽፋለሁ፤ አንቺ ስትቆርጪ ሁለት ትቀንሻለሽ። ስድስት ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳትንም። የጠበቃው ትከሻ 46 ነበር፤ ስለዚህ 48 መጻፍ ነበረብኝ። ጽፌያለሁ ብዬ ማልኩልሽ። አንቺ ደግሞ 46 ነው ያገኘሁት፣ ሁለት ቀንሼ በ44 ቆረጥኩት አልሽ።

ወረቀቱ በብርሃን ሲታይ ከ46ቱ ሥር ሌላ ቁጥር አለ። ላጲሱ ወረቀቱን ስስ አድርጎታል፤ የእርሳሱ ጭረት ግን አልጠፋም። 48 ይላል።

መሰላሉ ላይ ሆኜ ሁሉም ተመልሶ መጣልኝ። ጠበቃው በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ያይ ነበር። ትከሻዬ አርባ ስምንት ሆነ እንዴ ብሎ ሳቀ። እኔ ደግሞ የእንዲህ ያለ ሰው ልብስ በተቆረጠ ሜትር እለካለሁ ለማለት አፈርኩ። ፊቱ ላይ አጠፋሁና 46 አደረግኩት። አንቺ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ልታመጪ ወጥተሽ ነበር። ስትመለሺ ልነግርሽ ነበር፤ ረሳሁት። ነገሩ ይኸው ነው። ኮቱ ትከሻው አልገባ፣ እጅጌው አልደርስ ሲል ግን በሦስት ደንበኛ ፊት «እሷ መቁረጥ እንጂ መቁጠር አትችልም» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለካ ለእኔ ነው።

አስተማሪዋ ከታች ሆና ደህና ነዎት ወይ ትለኛለች። ከመሰላሉ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ተንበርክኬ ይቅርታ የጠየቅኩ እንዳይመስልሽ። ያደረግኩት የለመድኩትን ነው።

«ይህን ወረቀት ማን ሰጠሽ?» ብዬ በፌንጣ ላይ ጮህኩባት። ያቺ ሁለት ግማሽ የቆረጠችው ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

ልጅሽ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። «አንተ ነህ» አለች። «ያገኘሽውን ውሰጂ አልከኝ። ቁጥሮቹን አልቆረጥኳቸውም፤ ነጠብጣብ ይሁኗት ብዬ ነው።»

አስተማሪዋን ይቅርታ ጠይቄ፣ ቢራቢሮዋን አውርጄ፣ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሁልጊዜ ቀድማኝ የምትዘል ልጅ በአጠገቤ እንደ ትልቅ ሰው ስትራመድ አንጀቴን በላችው። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ኩርፊያ የለባት፣ እንባ የለባት፤ ነገሩን አስባ የጨረሰች ናት።

«አባዬ፣ አሁን ስለጮህክብኝ እኔም እንደ እማዬ አያቴ ቤት ልሂድ?»

ጎንበስ ብዬ የታሰረ የጫማዋን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። «አትሄጂም» አልኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» እሺ አለችና ዳቦ ግዛልኝ አለች። ገዛሁላት። ስምንት ወር ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር ስንት ቃል እንደሆነ እዚያ ወረፋው ላይ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስት ነው።

ከዚያ ወዲህ እግሬ አልቆም ብሏል። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ። ኮቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ የቆረጠችው በጻፍኩላት ነው አልኩት። የቱን ኮት አለኝ። ሳስታውሰው ሳቀና፣ እሱን እኮ ያኔውኑ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት፣ ልክክ ብሎለታል አለ። ሻይ ሊያዝልኝ ነበር፤ መቀመጥ አልቻልኩም። እሱ በሳምንቱ የረሳውን ነገር እኔ ቤቴን አፈረስኩበት። የቀሩትን ሁለት ደንበኞችም አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛዋ አዋቂ ሴት ናቸው፤ «እኛማ ያኔም አውቀናል፣ ላንተ እስኪገለጥልህ ነው የጠበቅነው» አሉኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ንጋት ከሌላው ሰው ዘግይታ ነው የምትወጣ።

እንግዲህ ልጻፈው። የጠበቃውን ኮት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ አልተሳሳትሽም። ስድስት ዓመት ጠረጴዛውን ተካፍለን ስንሠራ ከእኔ ይልቅ ያንቺ እጅ ነው ይህን ሱቅ ያቆመው፤ ይህንንም በሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም፣ በሰው ፊት የተናገርኩት ያንን ክፉ ቃል ነው። ይቅር በይኝ። ናፍቀሽኛል። ያለሽበት ቤት የምትቆርጪበት ጠረጴዛ ከፍታው ይስማማሽ እንደሆነ፣ ወገብሽን ያምሽ እንደሆነ አስባለሁ። ተመለሺ የማለት ፊት የለኝም፤ ያልሽኝን ግን አድርጌያለሁ፤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ።

ወረቀቱን አብሬ በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። አሁን ቢራቢሮ ስለሆነች ስትከፍቺ ቀስ በይ፣ አንዱ አንቴናዋ ላልቷል። መስኮት ጋ ወስደሽ በብርሃን እያት። ፌንጣን አስፈቅጄ ነው፤ ፈቃዱም እንዲሁ አልተገኘም። አልሰጠኋትም፣ አዋስኳት እንጂ ብላለች። የወላጆች ቀን የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፤ ቢራቢሮዋ እስከዚያ ቦታዋ መመለስ አለባት። በፖስታ አይሆንም፣ ክንፏ ይታጠፋል፣ ራሷ በእጇ ይዛት ትምጣ ብላ እንድጽፍልሽ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። መስኮቱ ጋ ባዶው ክር እንደተንጠለጠለ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳደርሳት ሌሎቹ ልጆች ንብ ሊያስሩበት ፈልገው ቆማ አስጥላለች።

ለእናትሽ ጉልበት፣ ላንቺ የልብሽን እረፍት፣ ለእኔም ዝግ ያለ ድምፅ ይስጠን። አሁን ልጅሽን ላመጣ ልሂድ፤ ሰዓቱ ገና ነው፣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

የፌንጣ አባት

ይድረስ ለአለቃዬ፦ አዲስ ሜትር ገዝቻለሁ። ከመጀመሪያዋ መስመር ነው የሚጀምር። ስለዚህ እዚህ ደብዳቤ ላይ ከጻፍኩት ምንም አትቀንሺ።