አንዲት የገጠር ሴት

ይድረስ ለጌታቸው፣

እንደምን ከርመሃል አልልህም። ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ፤ እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ። በሞተ ሰው ቂም አይያዝም ይላሉ፤ እኔ ይዣለሁ፣ የኔ ጌታ።

እዚህ ቤት፣ የመጽሐፍ ክምርህን ወደ ሳሎን አውጥቼዋለሁ። ራይስዋይክ ከተማ የነበረኝን የቢሮ ጽዳት ትቼ አረጋውያን ቤት ገብቻለሁ። ልጃችን ሜሮን ጃኬትህን ለብሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ሰፍቷታል፣ ግን አታወልቀውም።

ባለፈው ሳምንት አማካሪህ ደወለችልኝ። የዶክትሬት ጽሑፍህ ሊታተም ነውና አይተሽ ፈርሚ አለችኝ። ከሜሮን ጋር ዴን ሃግ ሄደን ጽሑፉን ተቀበልን፤ ስንመለስ ሜሮን ትራም ላይ እያነበበች ተረጎመችልኝ።

የድሮዎቹ የእንግሊዝ ተፈጥሮ አጥኚዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ላቲንና ክርክር ተማሩ እንጂ ቅጠል ያሳያቸው አልነበረም ብለሃል። ያሳዩአቸው መድኃኒት ለቃሚ ሴቶች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ለቅጠሉ ስም ማውጣትን፣ መጻፍንና የሚጻጻፉትን ጓደኛ ሰጣቸው። ስለዚህ የእነሱ ስም ቀረ፣ የሴቶቹ ጠፋ። እንዴት አምርረህ ጻፍከው! አስለቀስከኝ።

ከዚያ ሁለተኛው ምዕራፍ መጣ። ስኬቬኒንገን ባሕሩ አጠገብ፣ የአሸዋው ኮረብታ ላይ ሳማ ጨብጠህ ስትጮህ፣ ቱልት ፈልጌ እጅህን ያሸሁልህ እኔ ነኝ። ከተሜው፣ ቱልትን ከጎመን አትለይም ነበር! ያን አስገብተኸዋል፤ «አንዲት የገጠር ሴት እንደነገረችኝ» ብለህ። ሜሮን ማንበቧን አቁማ አየችኝ። ያን ቀን አብራን ነበረች።

የምስጋናው ገጽ ላይም የለሁም። ኮምፒውተርህን የጠገነው ሰው እንኳ አለ። መልስህን አውቀዋለሁ፦ የቤት ሰው አይመሰገንም፣ ባዳ ማድረግ ነው። እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት፤ በዚህ አልተቀየምኩህም። ግን አንዲት የገጠር ሴት? አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን?

ደውዬ ይህን ብነግራት አማካሪህ አፍራ፣ ምስጋናው ላይ «ለውድ ባለቤቴ» የሚል ልጨምር አለችኝ። እሱ ያላለውን በአፉ አታድርጊ አልኳት። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ግን «ዘነበች እንደነገረችኝ» ብለሽ አርሚው፣ ያኔ እፈርማለሁ አልኳት። አረመችው። ፈረምኩ።

አልረሳህም፣ ሆዴ። ንዴቴ ቢበርድም ባይበርድም ሙት ዓመትህን አወጣለሁ። ለቄሱም ስምህን ከነክርስትና ስምህ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፤ «አንድ የሞተ ሰው» ብዬ አላስጸልይልህም።

ዘነበች