ቁልቁለት የሚይዝ ፍሬን

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2004

ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ነፋስ የለም። የተራራው ጫፍ ላይ ትንሽ በረዶ ጥሏል፣ መንገዱ ግን ደረቅ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ አባትሽ፣ እንዲሁም የቀረበለትን የፖም ኬክ ጨርሶም ለመሄድ ያልቸኮለው ጎረቤታችን ክላይቭ ነን።

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ? ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ መዋል ለወገብ እንደማይበጅ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም ሰው ሊጠይቅሽ ይገባልና ጠየቅሁሽ። እዚያ ስፖኬን ከተማ ብርዱ ገብቷል ወይ? እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱ ያመዋል፤ ሲጠይቁት ግን ጫማው ነው የጠበበኝ ይላል። በቅሎዎቹም ደህና ናቸው። ዲከን ወፍሯል፤ ሥራ ፈቶ እየበላ ምን ያድርግ።

አዲስ መኪና ገዝተናል። ናፍጣ ነው፣ ነጭ፣ ወንበሩ ገና የፋብሪካ ሽታ አለው። ስለ እሱ ከመጻፌ በፊት ግን ከሰው አፍ የሰማሽውን ነገር ከእኔም ስሚው።

አባትሽ በክላይቭ ፊት «የፈራ በእግሩ ይውረድ» ያለሽና አንቺም በሩን ከፍተሽ የወረድሽ ቀን፣ ትክክል እንደነበርሽ ሁላችንም እናውቅ ነበር። «ይህ መኪና ይጎትታል እንጂ አይይዝም። የጎማ ፍሬን ብቻውን አራት በቅሎ ይዞ ይህን ተራራ አይወርድም» ነው ያልሽው። ታች ወንዙ ድረስ በእግርሽ ሄድሽ፤ ከዚያም ስፖኬን። ብዙም ሳይቆይ አባትሽ በቅሎዎቹን ጭኖ ሲወርድ ፍሬኑ ጨሰ፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ገባ። መኪናውን ከተራራው አፈር ጋር እያፋተገ አቆመው። እሱ ደረቱን ተመትቶ ተረፈ። በቅሎዋ ፔግ ግን እግሯ ተሰብሮ እዚያው ቀረች። አንቺ በጡጦ ያሳደግሻት ፔግ።

ስትደውይ ወደ ስልኩ ያልመጣው ለዚህ ነው። ተቆጥቶ መስሎሻል። ስለ ፔግ ለአንቺ የሚናገርበት አፍ ስላጣ ነው እንጂ ቁጣስ የለበትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጭኖ ወርዶ አያውቅም። እንደምታውቂው ሥራው ሁሉ ያለው ታች ነው፤ በቅሎዎቹ ወንዙ ዳር ካልደረሱ የአዳኞቹን ድንኳን የሚሸከም የለም። አምና አዳኞቹን መለስናቸው። ዘንድሮ ክላይቭ በቅሎዎቹን ልግዛችሁ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በጥሩ ሁኔታ እንደሚይዛቸውም አውቃለሁ። አባትሽም «አዳኞቹ እስኪመጡ ካላወረድኳቸው ውሰዳቸው» አለው። ይህን ያለ ቀን ጎተራው ውስጥ ዲከንን ሲቦርሽ ቆየ፤ ዲከን የተቦረሸው ግን ጠዋት ነበር።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ «እኔ እነዳለሁ» አልኩት። ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ። በዚህ ቤት ብዙ እንደማልናገር ታውቂያለሽ። «አንቺ ከነዳሽ የሚይዘውንም ነገር ራስሽ ምረጪ። እኔ መርጬ ምን እንዳመጣሁ አይተሻል» አለኝ።

ነገሩ በእጄ የገባው እንደዚህ ነው።

የዚህ አገር ወንዶች መኪና ሲገዙ የሚያስቡት ዳገቱን ብቻ ነው። ክላይቭ አዲሱን መኪና ዞሮ ዞሮ አየና አባትሽን «ኦሪን፣ ይኼ እኮ ቤተ ክርስቲያኑን ከነደወሉ ይጎትተዋል!» አለው። እኔም «ማን ያወርደዋል?» አልኩት። ሳቀና «አንተ ሽማግሌ፣ ሚስትህ አፍ አወጣችብህ!» አለው። አባትሽ አልሳቀም። መኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን እያየ ነበር።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ያነበብኩት ሁሉ መለዋወጫ ተጠቅልሎ በመጣበት ወረቀትና አንቺ ጎተራ ውስጥ ትተሽ በሄድሻቸው የመጽሔት ቅዳጆች ላይ ነው፤ ዘይት የነካቸውን እንኳ አልጣልኩም። ስለ ማርሚታ ፍሬንም የገባኝ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ ነው። ቁልቁለት ላይ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ የጭሱን መውጫ ያጠብበዋል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ይከብዳል፣ መኪናውንም ወደ ኋላ ይይዘዋል። የጎማዎቹ ፍሬን ደግሞ ሳይደክም ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ለአንቺ ይህን መንገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው፤ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እንድታይልኝ ብዬ ነው።

ግሬንጅቪል ወዳለው መለዋወጫ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሌላንድ ይባላል፤ ፂሙ ረጅም፣ ነገሩ አጭር። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ቀላል ነው፤ መዝጊያው ላይ የማይለወጥ አንድ ቀዳዳ አለው፣ ሌላ ነገር የለውም። ሁለተኛው የጭሱን ግፊት ራሱ እየለካ የሚያጠብና የሚያሰፋ ነው። ቀላል ነገር አይበላሽም ብዬ ወደ መጀመሪያው አዘነበልኩ።

ሌላንድ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ጎበዝ ነው። ለአውራ ጎዳና ይሆናል። ሞተሩ ቀስ ካለ ግን አይይዝልዎትም» አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ «ለመሆኑ የካልሲው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ምን ያህል ይዞራል? በእግር የሚሄድ ሰው ያህል አይደል እንዴ የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጄ፣ ያን ቦታ በዚህ ስም የምንጠራው ሦስታችን ብቻ ነን። ትንሽ ልጅ ሳለሽ ካልሲሽን በመስኮት የወረወርሽበት፣ አባትሽ የተጫነ ተሳቢ መንገድ መሐል አቁሞ፣ ከኋላ የመጣው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋበት፣ አንዲት ቀይ ካልሲ ፍለጋ ገደል የወረደበት ቦታ ነው። ሌላንድ ደግሞ ተራራችንን በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ገና ስገባ ነግሮኛል።

ቀና ብዬ አየሁት። ወዲያው ወደ መደርደሪያው ዞሮ የማይፈልገውን ዕቃ መፈለግ ጀመረ። እኔም አልጠየቅሁትም። «በእግር የሚሄድ ሰው ያህል ነው፤ ሞተሩም ቀስ ይላል» አልኩና ሁለተኛውን መረጥኩ።

ከመሸጡ በፊት ሌላ ነገር አመጣ። «መንገዱ በረዶ ከሆነ ያጥፉት። የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ነውና ያንሸራትትዎታል። እጅዎን አንስተው ካልማሉልኝ አልሸጥልዎትም» አለኝ። ነጋዴ ገዢን ሲያስምል አይቼ አላውቅም። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እያዩኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። መሐላው ለሌላንድ ብቻ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ።

ይህን ሁሉ ለሌላንድ የነገረውን ሰው ምናልባት በሆነ አጋጣሚ ካገኘሽው፣ በጣም አመስግናዋለች በይልኝ። አንድ ሰው እኔን ሳያይ ስለ እኔ እንዲህ ተጨንቆ ሲያስብ በዕድሜዬ ብዙ አልገጠመኝም። ቤት እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር የምነዳው።

ፍሬኑ የተገጠመ ዕለት አባትሽ በሚያመው ጉልበቱ መኪናው ሥር ገባ። ብዙ ቆይቶ ወጣ፤ ጀርባው ሁሉ አፈር።

«ማን መረጠው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።

«አንቺ ብቻ?»

ድንቹ እያረረ ነው አልኩና ገባሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ክላይቭ ከበሩ ላይ ሆኖ «ነገ እሷ ትንዳ፣ አንተ ጎኗ ቁጭ ብለህ ጸልይ» እያለው ነው። አባትሽም «ጸሎቱን ላንተ ትቼልሃለሁ፤ በቅሎዎቹን የምትመኘው አንተ ነህ» አለው። ክላይቭ ሳቀ፤ ግን ነገ ካልቀናን ሰኞ በራሱ መኪና መጥቶ እንደሚወስዳቸው ሳይናገር አልሄደም። አባትሽ አብሮኝ እንደማይወርድ ነግሮኛል። አጥሩ ጋ ቆሞ ያየኛል። ደብዳቤውን አልዘጋውም።

እሑድ ጠዋት

ብርድ ነው፣ ሰማዩ ግን እንደ ትናንት ጥርት ያለ ነው። ያደረግሁትን በተራው እጽፍልሻለሁ።

ተነሥቼ ለበቅሎዎቹ ጥቂት ድርቆሽ ሰጠሁ። ተሳቢውን አሰርኩ፤ ሰንሰለቶቹን አንቺ እንዳሳየሽኝ አጣምሬ ሰቀልኩ። መብራቱን አየሁ። ዲከን ስለሚከብድ እሱን ከፊት ጫንኩ፤ የቀሩት ያለ ጣጣ ተከተሉት። የፔግን ቦታ ባዶ ተውኩት።

አባትሽ ባርኔጣውን ደፍቶ አጥሩ ጋ ቆሟል። አጠገቡ ስደርስ መስኮቱን ከፈትኩ።

«የፈራ በእግሩ ይውረድ ብዬ ነበር» አለ፣ መንገዱን እያየ።

«ፈርተሃል?» አልኩት።

«አዎ።»

«እንግዲያው ግባ። እኔም ፈርቻለሁ።»

ገባ። ቀበቶውን እስኪያስር ወደ ውጭ አየሁለት።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆምኩ፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀየርኩ፣ የማርሚታ ፍሬኑን ማብሪያ ጫንኩ። የሚቃጠል ፍሬን ሽታ ቢኖር እንድንሰማ ሁለታችንም መስኮታችንን ከፍተናል። እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ ሞተሩ ከሆዱ አጉረመረመ፤ አንድ ሰው ከኋላ ቀሚሴን የያዘኝ ያህል ተሰማኝ። ፔግ የቀረችበት ቦታ ስንደርስ አባትሽ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶም አላደረገው። የካልሲው መታጠፊያ ላይ በእግር የሚሄድ ሰው ቢቀድመን አይገርምም፤ ሞተሩ ቀስ አለ፣ ፍሬኑ ግን አልለቀቀም። እስከ ታች እግሬን ፔዳሉ ላይ ያሳረፍኩት አንድ ሁለቴ ቢሆን ነው።

ወንዙ ዳር ሰው ሁሉ የሚያቆምበት ሜዳ ላይ አቆምን። መቼም ታውቂዋለሽ፤ ሁሉም እግሩን ለማፍታታት የወረደ መስሎ ይወርዳል፣ እጁን ወደ ጎማው አስጠግቶ ሙቀቱን ያያል፣ ያገኘውን ግን ለማንም አይናገርም። አባትሽም ወረደ። እጁን አላስጠጋም፤ ተንበርክኮ መዳፉን ብረቱ ላይ ለጠፈው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ መኪናውንም ተሳቢውንም አዳረሰ። የመጨረሻው ጎማ ጋ ሲደርስ ሳይነሣ ቆየ። እንዳላየሁ ሆኜ ይህን ወረቀት ሞተሩ ክዳን ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ።

ፈጣሪ እጆችሽን ይባርክ። የምትተኚበት መኪና ሁሉ በላይሽ የጸና ይሁን። በረዶው ሳይጠና ብትመጪ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ከጠናም ማብሪያውን አጥፍቼ ቀስ ብዬ መጥቼ እቀበልሻለሁ፣ ምያለሁና።

ልፈርም ስል አባትሽ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል፤ መዳፉን ገና አልጠረገውም። ወረቀቱን አየ።

«ብረቱ ለብ እንኳ አላለም ብለሽ ጻፊላት» አለኝ።

ለማን እንደምጽፍ ነግሬው አላውቅም።

እናትሽ፣ የአባትሽ ሚስት