የካንዳ ሠርግ ሐብሐብ

ይድረስ ባሕር ማዶ ሆነሽ ከልባችን ላልራቅሽው ለእህቴ ለላምዱዋን፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ታይዋን ዘንድሮ ብርዱ በረታ ሲሉ ሰምታ እማዬ ስለ ጉልበትሽ ስትጨነቅ ሰነበተች። የምታስታምሚያቸው አሮጊት ተሻላቸው? ዛሬም ሾርባው ጨው አነሰው እያሉ ያስቸግሩሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ከእጇ ወለምታ በቀር ደህና ናት፤ እነግርሻለሁና አትደንግጪ።

የጭነት መኪናዬ ተገልብጦ እግሬን ካጣሁ ወዲህ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛቴን ታውቂያለሽ። አንድ ቀን እማዬ የፍራፍሬ መቅረጫ ቢላዋንና አንድ ፓፓያ ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ "የተቆረጠው እግርህ እንጂ እጅህ አይደለም" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ንዴቴን በፓፓያው ላይ ተወጣሁ፤ ሲያልቅ ሌላ ጠየቅኋት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እንደ እማዬ ከፍራፍሬ አበባ ቀርጾ ማውጣት፣ ሐብሐብ ፈልፍዬ ለግብዣ ማቅረቢያ ማድረግ ለመድኩ።

የጎረቤታችን የጋሽ ቡንሱ ምላስ መቼ ያርፋል! በአጥር ላይ ብቅ ብለው፣ "ዊቺት፣ የሴት ሥራ ከያዝክ አይቀር ቀሚስ ላሰፋልህ?" አሉኝ። "ቀሚስ ይሻለኛል ጋሼ፤ ሱሪማ አንዱ እግሩ በከንቱ ይባክናል" አልኳቸው። እማዬ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ!

ባለፈው ሳምንት የወፍጮ ቤቶቹ ልጅ ካንዳ ተዳረች። የፍራፍሬ ማቅረቢያውን እንድትሠራ የተጠየቀችው እማዬ ነበረች። በዋዜማው ደረጃው አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ እጇ ወለም አለ፤ ሥራው ለእኔ ተላለፈ። የሙሽራዋ እናት እትዬ ሶምጂት ወሬውን ሰምተው መጡና፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ክፉ አይምሰልሽ እንጂ መከራ ያየው ሰው እጅ ለሠርግ ገድ የለውም፤ ከከተማ የፕላስቲክ ሳህን ላስመጣ" አሏት። እማዬም "ነገ ጧት መጥተሽ እዪው፤ ካልጣመሽ ያን ጊዜ ፕላስቲክሽን ታመጫለሽ" ብላ ሸኘቻቸው።

ጎህ ሲቀድ ጀመርኩ። ትንንሾቹ አማሩልኝ። የመሃል ጠረጴዛው ትልቁ ሐብሐብ ግን ቢላው ገና ጠለቅ ሲል ጧ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። እሱን የሚያህል ሌላ አልነበረንም። ቢላውን ወረወርኩና "እውነታቸውን ነው፣ ገድ የለኝም" አልኩ። እማዬ በግራ እጇ ቢላውን አንሥታ፣ "የበሰለ ሐብሐብ ይሰነጠቃል፤ በእኔስ እጅ ስንቱ ተሰንጥቋል! ማልቀስ ካማረህ አልቅስ፣ ግን እየሠራህ" አለችኝ። ስንጥቁን ተከትዬ ለሁለት ከፈልኩት። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሊሆን የነበረው ሁለት ጀልባ ሆነ፤ ዳር ዳሩን የቅጠል ቅርጽ አውጥቼ ውስጡን በማንጎ፣ በፓፓያና በነጫጭ የሊቺ ፍሬ ሞላሁት።

እትዬ ሶምጂት መጥተው አዩ፣ አዩና "ሁለት ያደረጋችሁት ጥንድ ይሁን ብላችሁ ነው?" አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ "ታዲያስ! ለሙሽሮች ነጠላ ነገር ይቀርባል እንዴ?" ብላ ቀደመችኝ። እታለም፣ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ። ሴትዮዋ ግን እንባ አቅርረው አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ "ለትናንቱ አፌ ይቅር በለኝ። ምሳ ላይም እንዳትቀር" አሉኝ።

ሰው ፊት መውጣትን እንደ ሞት ነበር የምፈራው። ሆኖም በምርኩዜ ሄድኩ። መነኮሳቱ ባርከው ሲሄዱ እንግዳው ጀልባዎቹን ከበበ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ሳስቶ የሚነካቸው ግን ጠፋ። ካንዳ ራሷ አንድ ማንጎ አንሥታ ለባሏ ስትሰጠው ሁሉም ደፈረ፤ ወዲያው ቅርፊቱ ብቻ ቀረ! ጋሽ ቡንሱማ ከጎናቸው አስቀምጠውኝ ለጠየቀው ሁሉ፣ "የኛው ዊቺት ነው፤ በአጥር በኩል ስቆጣጠረው ነበር" ይላሉ።

አሁን አንድ ጎረምሳ እንደ ወጋችን ለጥቂት ጊዜ ሊመነኩስ ነውና ለግብዣው እኔው ታዝዣለሁ። ደግሞ ሰኞ ሰው ሠራሽ እግር ልለካ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ድግስ ቤት ቆሜ መሥራት አምሮኝ ነው። እማዬ ይህን ስነግራት ወጥታ ጫማዬን ማጠብ ጀመረች። ሁለቱንም።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፣ ሹራብሽን እንዳታወልቂ ትላለች። ጋሽ ቡንሱና ባለቤታቸው በጣም ናፍቀውሻል። ለአሮጊቷም በእኔ ስም እጅ ንሺልኝ።

ወንድምሽ ዊቺት
ፌቻቡሪ፣ ባን ላት
ሐሙስ፣ የካቲት ወር 2562፣ በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር