ወፍጮ ቤት፣ ጥርስ ሕመም እና ሌሎችም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ደብተሬ፣ አሁን ከስቱዲዮ ገባሁ። ስድስት ዘፈን፣ አራት ስልክ። ቆርቆሮ ዝናብ የሚባለውን ዘፈን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሂርና ያሉት ጫት ጠቅላዮች ሮክ ካልጮኸ እጃችን አይፈጥንም ይላሉ። ጫቱን የሚጭነው መኪና ሳይወጣ መጨረስ አለባቸው። ቀርፋፋ ዘፈን ያስተኛቸዋል።

የሮክ ሰዓትን ስመራ 11 ዓመቴ። ከዚያ በፊት ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አሁንም ጠጋኝ። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ቴፕ የበላውን ካሴት ያመጡልኛል። ፈትቼ፣ ቀጥዬ፣ አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀራለሁ። ጭሮ ውስጥ ጊታር በኤሌክትሪክ እንደሚጮህ ከእኔ በፊት ያወቀ የለም። ጉራ አይደለም፣ የፈለገ ይጠይቅ።

ደስታዬን ግን አዲሷ ሥ/አስኪያጅ አበላሸችው። ወ/ሮ ትዕግሥት ትባላለች፣ ከአዳማ የመጣች። ቅጽ ሰጠችኝ። የእያንዳንዱ ዘፈን ስም፣ የዘፋኙም ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እስከ ቅዳሜ። ካልሆነ ፕሮግራሙ አይቀጥልም። ካሴቶቼ ላይ የተጻፈ ነገር የለም አልኳት። ስልኬ ዘፈኑን ሰምቶ ስሙን ያወጣልናል አለች። ስምማ አላቸው አልኩና ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጠዋት።

ቅጹን ሞላሁ። በአማርኛ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ። የፈረንጁ ፊደል አልደረሰኝም።

1ኛ። ወፍጮ ቤት። ዘፋኝ፦ ወንድ።
2ኛ። ጥርስ ሕመም። ዘፋኝ፦ ወንድ፣ የታመመው።
3ኛ። አማቴ መጣች። ዘፋኝ የለውም፣ ወፍራሙ ጊታር ብቻ።

እንዲህ እያልኩ 41 ዘፈን። እጄ ዛለ። ግን አማረ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከምሳ በኋላ።

ነጠቁኝ።

ወ/ሮ ትዕግሥት ቅጹን አይታ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ኮስተር አለች። ስልኳን ድምፅ ማጉያው ላይ ደቀነችና ወፍጮ ቤትን አስከፈተች። ስልኩ ወዲያው ስም ጻፈ። ይሄንን ይበሉ ጋሽ ዩስፍ አለችኝ። ሞከርኩ። ከእኔ አፍ ሲወጣ የመድኃኒት ስም መሰለ። ሁለተኛ አልሞከርኩም። እኔ የምለው ወፍጮ ቤት ነው፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት አልኩ። ተዉት። ከማክሰኞ ጀምሮ ናሆም ይሠራዋል። ዜና ክፍል ያለው፣ ዲፕሎማ ያለው። እሱን በኋላ ጠሩት፣ አፍሮ አቀርቅሮ ገባ።

ደብተሬ፣ ለምን ድርቅ እንዳልኩ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ስሞቹን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ዘይነባ ናት፣ ባለቤቴ። አላህ ይማራትና ሮክ አትወድም ነበር። እኔ ሱቅ ሆኜ ካሴት ስሞክር እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ትጮኻለች። ያንን ወፍጮ ቤት ዝጋው! ጥርስ ሕመሙን ቀንስልኝ! ደሞ አማቴ መጣች! ስድብ ነበር። እኔ ግን አንዱን ካንዱ የምለየው በስድቧ ሆነ። ሬዲዮ ላይ ስወጣ እነዚያኑ ጠራሁ። ሰው ሳቀ፣ ወደደ፣ ስም አውጪው ዩስፍ አለኝ። ዝም አልኩ። 11 ዓመት ዝም። ከሞተች 9 ዓመቷ፣ ስሞቹን ብለቅ ከድምፅዋ ምን ይቀረኛል?

ዛሬ ጫት ለመቃም በርጫ ላይ አልሄድኩም። ሰው ፊት መቀመጥ አልፈለግኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማታ ሳይሆን፣ ገና 11 ሰዓት።

ሆዴን አመመኝ፣ በሳቅ!

አላዳምጥም ብዬ ነበር። 9 ሰዓት ሲሆን እጄ ሄዶ ከፈተው። ናሆም ድምፁ ጥሩ ነው፣ ልካድ አልልም። የፈረንጁን ስም እንደ ውኃ ይጠራዋል። የመጀመሪያዋ ደዋይ የሂርናዋ ፋጡማ፣ የጫት ጠቅላዮቹ አለቃ። ወፍጮ ቤት አለች። ናሆም የወፍጮ ዘፈን የለኝም አለ። ካለው አንዱን ከፈተላት።

«አቦ ይሄ ምኑ ወፍጮ ነው? ይሄ ሙቀጫ ነው!»

ሌላ ከፈተ። «ይሄማ ወንፊት! ልጄ፣ መኪናው ሊሄድብን ነው፣ ጋሽ ዩስፍን ጥራልን!» ብላ ዘጋችበት።

ቀጥሎ የመሰላው ልብስ ሰፊ ኦቦ ጀማል። በትህትና አካም ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አማቴ መጣች አለው። ናሆም ምን ቢል ጥሩ ነው? እንኳን ደህና መጡልዎ ጋሼ፣ ለእሳቸውም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ! በቀጥታ ሥርጭት! ኦቦ ጀማል ደንግጦ አማቴ ሞታለች አለ። ናሆም አላህ ያጽናዎት አለና ለሐዘኑ ዝግ ያለ ዘፈን ከፈተለት።

ሱቄ በር ላይ አምስት ባጃጅ ቆመ። ሾፌሮቹ ሬዲዮውን እየሰሙ በሳቅ ተንከባለሉ። አንዱ መጥቶ እጄን ሳመ። የፈረንጁን ስም ስልክ ያውቃል። ፋጡማ የምትፈልገውን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

መጡ! ሁለቱም፣ በእግራቸው!

የስፒከር ሽቦ እየበየድኩ ነበር። ተቀመጡ አልኩና ጨርሼ ተነሳሁ። ልጨርስ እችል ነበር በቶሎ። አልቸኮልኩም። ወ/ሮ ትዕግሥት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። የጣቢያው ስልክ ሳያቋርጥ ይጮኻል አለች፣ ከትናንት ጀምሮ። ይመለሱልን ጋሽ ዩስፍ።

ናሆም ፍላሽ አውጥቶ ከካሴቴ የተቀዱትን አጫወተኝ። ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው። እንደጀመረ እጠራለሁ። ቆርቆሮ ዝናብ። ጥርስ ሕመም። አንዱን ቆም አድርግ አልኩት፣ ይሄ ተንቀርፍፏል፣ የቀዳችሁበት ቴፕ ጎማው ላልቷል። ተያዩ። ካሴቱን በራሴ ቴፕ ከፍቼ አስደመጥኳቸው። ልክ ነበርኩ።

ቅድመ ሁኔታዬን ተናገርኩ። የጭሮው ስም መጀመሪያ፣ በእኔ አፍ። የፈረንጁ ቀጥሎ፣ በናሆም አፍ። እሺ አለች፣ ማክሰኞን ሳንጠብቅ ቅዳሜ 9 ሰዓት እንድንጀምር። ይህ ብቻ አይደለም። ከየከተማው ለሚመጡ የሬዲዮ ሠራተኞች ሥልጠና አለ፣ እኔ ስለ ሮክ እንዳስረዳ። ደብዳቤ ሰጠችኝ፣ ማኅተም አለው። «ለሙዚቃ ባለሙያ አቶ ዩስፍ» ይላል። ራሴ አነበብኩት። ናሆምንም ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግኩት። ከዚያ ጎረቤቴ እንዲሰማ እንደገና።

አዲስ ቅጽም ትታልኝ ሄደች። አንድ መስመር ጨምራበታለች፦ ስሙን ያወጣው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። 8 ሰዓት ተኩል።

ቅጹ ፊቴ ነው። 1ኛ፣ ወፍጮ ቤት። ስሙን ያወጣው፦ ዩስፍ ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ አየሁት።

ሰረዝኩት።

ዘይነባ ብዬ ጻፍኩ። 2ኛም ዘይነባ። 3ኛም። ቁልቁል ወረድኩ፣ ዘይነባ፣ ዘይነባ። 38ቱ የሷ ናቸው። የእኔ ሦስት ብቻ፦ ረጅሙ፣ አጭሩ እና ሌላው ረጅም። ባለሙያው ያወጣው ስም ይኸው! ቢሆንም የእኔ ናቸው፣ ለማንም አልሰጥም።

ሰው ምን ይላል? 11 ዓመት አታለለን ይበል። ፋጡማ ደውላ ትሳቅብኝ። ዛሬ ማይኩ እንደተከፈተ እናገራለሁ፦ ይህን ዘፈን ወፍጮ ቤት ያለችው ባለቤቴ ዘይነባ ናት፣ ዝጋው ስትል።

ናሆም በባጃጅ መጥቶ ጥሩምባ እያስነፋ ነው። ይጠብቅ። አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ፦ ስሟን እጠራለሁ፣ ድምፁን ግን አልቀንስም።