የጓሮው የታች ጫፍ

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞው አባወራዬ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ዝናብ ሲሸት የሚነሣብዎ የጉልበት ቁርጥማት ተወዎት ወይስ ዛሬም ማሕሌት ከመቆም ያግድዎታል? ባለቤትዎ ወይዘሮ እንኳየሁስ ደኅና ናቸው? ልጆችዎስ? ከትክል ድንጋይ ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ የእርስዎን ደኅንነት ይነግረኛል፤ ሳልጠይቀው ይነግረኛል፤ ጎንደሬ መቼም የቀድሞ ሚስት ወሬ ይጠማታል ብሎ ያስባል። እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ ጸሐፊ አላስገባሁበትም። ፊደሉ ቢወላገድ አይሳቁ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ነውሩ ለአስተማሪው ነው።

የጻፍኩት ያለ ነገር አይደለም። አቶ አድማሴ የሚባሉ ባለ ማኪና አሉ፤ ከአስመራ ዕቃ የሚያመላልሱ። እኒህ ሰው ሆቴል ልሥራ ብለው ተነሡ። አልጋ ያለው፣ ግቢው ማኪና የሚያቆም፣ አገር አቋራጭ ሾፌር ሁሉ የሚያድርበት። ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ ዳር ቦታ ሲፈልጉ ሲፈልጉ ዓይናቸው የኛ ጓሮ ላይ ዐረፈ። የኛ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ሲሄዱ ሁሉን ትተውልኝ ሄደዋል፤ ወረቀቱ ግን ዛሬም የሁለታችንን ስም እንደያዘ ነው።

የፈለጉት ጓሮውን በሙሉ አይደለም። ከወይራው ጀምሮ እስከ መንገዱ ያለውን የታች ጫፍ ነው። ለእሱ ምትክ ቤቱን በቆርቆሮ አልብሼ፣ ግቢውን በድንጋይ አጥሬ አስረክብሻለሁ አሉኝ። እኔም ተመኘሁ፣ ምን ልደብቅዎ! ክዳኑ አልቋል። ሣር የሚከድን ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? ባለፈው ክረምት አልጋዬ ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ነው ያደርኩት። ኋላ የመጣችው ጎረቤቴ ታየችም፣ ምነው ትግደረደሪያለሽ፣ ያ የታች ጫፍ ሰንበሌጥ ከማብቀል በቀር ምን ረብ አለው አለችኝ። እውነቷን ነው። ጌሾውን ከላይ፣ ኮኩን ከመካከል፣ ጎመኑንና ጤና አዳሙን ከበሩ አጠገብ አድርጌ እዚያ ጫፍ ላይ ግን አንድ ዘር ጥዬ አላውቅም። ለምን እንዳልጣልኩ እርስዎ ያውቃሉ፤ ታየች አታውቅም። እሺ አልኳቸው።

ቦታው የሚለካ ዕለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። ደላላው በላቸውም ገመዱንና ችካሉን ተሸክሞ መጣ። እንደሚያውቁት በኛ ልማድ ሻጭ በምስክር ፊት መሬቱ ንጹሕ መሆኑን በአፉ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ገዢው አይነካውም፣ ቆፋሪውም ዶማ አያነሣም። አያ ቢያዝን በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸውና ቆመው ጠየቁኝ። ስለት አለበት ወይ? የለበትም አልኩ። የሌላ ሰው ድርሻ አለበት ወይ? የቀድሞ ባሌ አለ፣ ጽፌ አስፈርመዋለሁ አልኩ። መቃብር አለበት ወይ?

የለም አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? በላቸው ችካሉን ከወይራው ሥር መታው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ሻሼን አስተካከልኩ። ልጄን የካድኩ ዕለት ሻሽ የማስተካክል ሴት ሆኜ ቀረሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት በቆርቆሮዬ ስር ተደብቄ እኖር ነበር። በላቸው ገመዱን እየጠቀለለ ሊያስቀን ብሎ፣ እንግዲህ ያ ባሕታዊ ሌላ ጥላ ይፈልግ አለ። የምን ባሕታዊ ነው ቢሉት፣ በገበያ ቀን አልፎ አልፎ አንድ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ከአጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ትይዩ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ አይለምንም፣ ሰው አያናግርም፣ ሲነሣም ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚነሣው አላቸው። ዓመታት ሆኖታል አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በገዛ ጓሮዬ የሚሆነውን ከደላላ አፍ ሰማሁት። ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልኝ አለ። ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ ወልደኢየሱስ ሄድኩና ከዓመት ዓመት ስናዘዝ ዘልዬ የማልፈውን ነገርኳቸው። ጣሊያን በወጣ ማግስት ወንድ ልጅ ወልደን እንደነበር። ለአርባው ጥቂት ሲቀረው ትኩሳት እንደያዘው። እናቴ በእግርዎ ወድቃ፣ ቄስ ይጠራ፣ ሳይጠመቅ እንዳያመልጠን ብላ ስትለምንዎ፣ ምን ሆኖ ነው ቄስ የሚጠራው፣ አርባው ሲደርስ ይጠመቃል፣ ሕጉ ይኸው ነው እንዳሉ። አርባው ሳይደርስ ሄደ። ክርስትና ያልተነሣ በቤተ ክርስቲያን አይቀበርምና በኩታዎ ጠቅልለው በገዛ እጅዎ ከወይራው ሥር አኖሩት። ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ። የዚያን ጊዜው ጎረቤት ሁሉ ገና ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ እያለ ዐለፈ። አልወለድንም። እኔም ይህ ሰው ልጁን ለሕግ ብሎ ያለ ጥምቀት ሰደደው እያልኩ በሆዴ ያዝኩብዎ። አንድ ቀን ክፉ ቃል ሳንነጋገር የተለያየነው በዚህ ነው። እርስዎ ምነው ፊትሽ ጠቆረ ብለው አልጠየቁኝ፣ እኔም አልተናገርኩ። የሆድን በሆድ እያልን ቤታችንን በዝምታ አፈረስነው።

አባ ወልደኢየሱስ ሰምተው ሰምተው፣ ልጄ ሆይ፣ ሞት ያሰጋው ሕፃን በተወለደ በማግስቱም ይጠመቃል፣ መጽሐፍ ይፈቅዳል፤ ይህን እሱ አያውቅም ማለት ዳዊት አይደግምም ማለት ነው አሉኝ። እያወቀማ ካደረገው ይብስበታል ብዬ መስቀል እንኳ ሳልሳለም ወጣሁ።

ነገሩ የገባኝ አራዳን ዐልፌ ወደ ቤቴ ስወርድ ነው። እየሄድኩ፣ አያ ቢያዝን መቃብር አለበት ወይ ሲሉኝ አፌ ለምን የለም እንዳለ አስብ ነበር። ቆርቆሮው አጓጉቶኝ አልነበረም፤ የቆርቆሮውን ነገር በዚያች ሰዓት ረስቼዋለሁ። አዎ አለበት ማለት አቃተኝ እንጂ። አለበት ካልኩ ልጄ ሞቷል ማለቴ ነው፤ ይህን ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ለማንም ብዬ አላውቅም ነበር። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እርስዎም እንዲሁ ነበሩ! ቄስ ጥሩ ካሉ ልጁ ይሞታል ማለትዎ ነው፤ ያን ማለት አቃተዎት። ሕግ ሲጠብቁ አልነበረም። አርባው ሲደርስ ያሉት የሚደርስ መስሎዎት ነው። ይህን ያህል ዓመት የቆጠርኩብዎ ክፋት ተስፋ ኖሯል። ምነው ያን ጊዜ በገባኝ! ምነው አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አንተ ሰውዬ ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ በጮኽኩብዎ!

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን መልሼ አስጠራሁ። ታየች አበድሽ ወይ አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በጎንደር በምስክር ፊት የተናገረውን ቃል የሚያጥፍ ሰው ስሙ አይጠራም፣ ይህን ከእርስዎ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ግን ምን ላድርግ? ከወይራው ሥር ወሰድኳቸውና፣ ባለፈው ዋሽቻችኋለሁ፣ እዚህ ልጅ አለኝ አልኳቸው። አቶ አድማሴ ኮታቸውን እንደለበሱ ደርቀው ቀሩ። አያ ቢያዝን ስሙ ማን ነበር ብለው ጠየቁኝ። የክርስትና ስም የለውም፣ እኔ ግን በልቤ ነጋ ብዬዋለሁ አልኩ። ለእርስዎም ነግሬዎት አላውቅም፤ ወገግ ሲል ስለተወለደ ነው።

አያ ቢያዝን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተቀመጡ። እግዜር ያጽናሽ አሉኝ። ከዚያ ሁሉም እየተራ እግዜር ያጽናሽ፣ እግዜር ያጽናሽ አሉኝ። ጮኼ አለቀስኩ፤ ልጄ ትናንት እንደሞተ ሆኜ አለቀስኩ። ታየች ነገሩ ባይገባትም አጥሩን ጥሳ መጥታ አብራኝ አለቀሰች። በላቸው እንኳ አንገቱን ደፋ። እንዲያ ሆነን እስከ ቀትር ተቀመጥን።

አቶ አድማሴ ችካሉን በእጃቸው ነቀሉት። ቢሆንም ነጋዴ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም፤ ጥቂት ቆይተው፣ እንግዲያው የላይኛውስ ጫፍ አሉኝ። የላይኛው ጫፍ ማለት ቤቱ ነው። ለአራዳ ስለሚቀርብ እሱም ለሆቴል ይሆናል፤ እንዲያውም ይሻላል አሉ። ጥቂት አሰብኩና እሺ አልኩ። እንግዲህ ጨርሼ ልንገርዎ፤ ቤታችንን ሰጥቻለሁ። እርስዎ ጭቃ አቡክተው የመረጉት፣ እናቴ ያረፈችበት ቤት ይፈርሳል። ይህን ሁሉ ዓመት ያበላኝ ጌሾም ከነሥሩ ይነቀላል። ትክክል አድርጌያለሁ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። ማለዳ ተነሥቼ የጌሾውን ቅጠል እየዳሰስኩ እቆማለሁ። ሲያፈርሱት እንዳላይ ፀዳ በምትኖረው እህቴ ዘንድ እሰነብታለሁ። ቆርቆሮዋን ግን አልተነፈግሁም፤ ከወይራው ዝቅ ብሎ አንዲት ክፍል ሊሠሩልኝ ተስማምተናል። ለአንዲት ባልቴት ምን ያንሳታል?

ወረቀቱ የሁለታችን ነውና ያለ እርስዎ ፊርማ አይጸናም። ለእሱ መምጣትዎ ነው። እምቢ ካሉም መብትዎ ነው፤ ግን እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ።

ከዚህ ወዲያ አንቱ ማለቱ አቃተኝ። አብረን አንድ ጎጆ ስንኖር አንቱ አልኩህ፣ ተለያይተንም አንቱ አልኩህ፤ ልጅ የቀበሩ ሰዎች ናቸው ብሎ የሚያየን ቢኖር እንዴት ባሳቅነው! አንተ ልበልህ፣ አትቀየመኝ።

ስትመጣ ከአጥሩ ውጭ አትቀመጥ። ድንጋዩ ይበርድሃል። በመንገዱ በኩል በር አስወጥቻለሁ፣ ቁልፍ የለውም፤ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ግባ። ለእንኳየሁም ንገራት፤ ሸጋ ሴት ናት ይሉኛል፣ ይገባታል። ልጆችህንም ይዘሃቸው ና፤ ወንድማቸው ነው፣ ይወቁት።

እመ ብርሃን ልጆችህን በጤና ታሳድግልህ። በማሕሌት የቆምክበትን እግር ታጽናልህ። በኔ ላይ በክፉ የያዝከው ካለ በዚህ ወረቀት አውርደው፤ እኔ አውርጃለሁ።

ለኔስ ደረሱልኝ፤ ሽማግሌ ተቀመጠልኝ፣ ታየች አለቀሰችልኝ። አንተ ግን እዚያ ትክል ድንጋይ ልጅ እንደሞተብህ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንም አላለህም። እንግዲህ እኔ ልበልህ፤ እግዜር ያጽናህ።

የልጅህ እናት