ከነፌስታሉ

ለተከበሩ የከተማው ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለጤናዎ፣ ይልቁንም ለአፍንጫዎ፣ ደኅንነትን እመኛለሁ፤ የእኛማ አፍንጫ ከተሰናበተን ሰንብቷል። በአደባባይ የጻፍኩልዎ፣ ቀደም ብዬ የላክኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መሳቢያዎ ውስጥ አየር ስላጡ ነው።

እኔ የአረጋውያን መጦሪያው የባዮጋዝ ጉድጓድ ጠባቂ ነኝ። የወጥ ቤቱን ትራፊ አየር በማይገባበት ጉድጓድ እከታለሁ፤ ጉድጓዱ ደግሞ ለምድጃው ጋዝ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት ያለ እርስዎ መመሪያ ሲሠራ መኖሩን በይቅርታ አስታውቃለሁ። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. «ይበሰብሳል» የሚል የታተመበት አረንጓዴ ፌስታል አድለውን፣ ትራፊው «ከነፌስታሉ ይጨመር» ብለው ሰርኩላር ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ሁለት ፊደል ብቻ የሆነችው «ከነ» ቧንቧ ትዘጋለች ብሎ ማን ጠረጠረ?

2. ፌስታሉ የሚበሰብሰው አየርና ብርቱ ሙቀት ባለው ክምር ውስጥ እንደሆነ በመጣበት ካርቶን ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ያለ አየርም የሚፈርስ ዓይነት አለ ይባላል፤ የእርስዎ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። በጉድጓዱ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን የድንቹን ልጣጭ ጠርገው በልተው፣ እርሱን እንደ ክቡር እንግዳ ሳይነኩ አቆይተውታል። እርስዎ የካርቶኑን ጽሑፍ ያላነበቡት በሥራ ብዛት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

3. ሰርኩላሩ በደረሰን በአሥራ አንደኛው ወር ቧንቧው ታነቀ፣ ምድጃው ጠፋ፣ ስልሳ አረጋውያን ምሳቸውን በዘጠኝ ሰዓት በሉ። ጽሕፈት ቤትዎም ጥፋቱ «የአብሳይዋ ቸልተኝነት» ነው ብሎ ስለጻፈ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው እትዬ ጭልፋ (ስሙን ያወጡላቸው ተጧሪዎቹ ናቸው) የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ወረቀቱን ሳነብላቸው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «እሳት እንኳን አየር ካጣ አይሠራም፤ ከፌስታል ምን ይጠበቃል?»

እሳቸው አልተቆጡም፤ እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። አንዲት አብሳይ ከምድጃ ሥር የተማሩትን እርስዎ ከነማዕረግዎ አላወቁትም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው እንዲነሣ፣ ሰርኩላሩም እንዲሻር በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ትእዛዝዎን አንድ በአንድ ከቧንቧ የማወጣ፣
ታዛዥዎ፣ የጉድጓዱ ጠባቂ

ማሳሰቢያ፦ ዋናው ደብዳቤ የሚደርስዎ ቧንቧውን ካነቁት ፌስታሎች በአንዱ ታሽጎ ነው። አጥቤዋለሁ። «ይበሰብሳል» ከሚለው ቃልም ሆነ ከሥሩ ከታተመው ስምዎ አንድ ፊደል አልጎደለም። እትዬ ጭልፋ ቢባረሩም፣ እርስዎ ቢሾሙም፣ እንደተጻፈ ይነበባል።